እትዬ ዘርፌ ያሳጠረችው

እጁን ያየችው ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ፎቶው ሳሎኑ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ በተነሣበት ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ሞርስ ሮድ ያለው ማተሚያ ቤት በሁለት ሰዓት ውስጥ አሳድጎ፣ ጥቁር ፍሬም አስገብቶ ሰጥቷቸዋል። እትዬ ዘርፌ በነጭ ቀሚስ ትስቃለች። ከታች በግራ በኩል፣ ነጠላዋ ከክንዷ በሚወርድበት ላይ፣ አንዲት ትንሽ እጅ ጥለቱን ጨብጣለች። ከእጅ አንጓው ወዲያ ምንም የለም፤ ፎቶው እዚያ ላይ ተቆርጧል።

ፀሐይወርቅ የሻይ ትሪ እንደያዘች ቆመች። ፎቶውን የመረጠችው ራሷ ናት። ከስልኳ ውስጥ ፈልጋ ለልጇ ለብሩክታዊት ሰጠቻት፤ ብሩክታዊትም «ክሮፕ አድርጌዋለሁ ማሚ፣ እትዬ ብቻ ናት ያለችው» ብላ ለማተሚያ ቤቱ ላከችው። የክርስትና ዕለት ፎቶ መሆኑን ፀሐይወርቅ ታውቃለች። እትዬ ዘርፌ ማንን ታቅፋ እንደነበረም ታውቃለች። እጁ ይቀራል ብላ ግን አላሰበችም። አሁን ደግሞ ማንሣት አይቻልም፤ ሠላሳ ሰው ፊቱን ወደ ፎቶው አዙሮ ተቀምጧል።

የዮኤል እጅ ነው። ልጇ ዮኤል ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው።

ትሪውን አዞረች። ማንም ስለ እጁ ምንም አላለም። ከኋላዋ በሩ ተከፈተ፣ ብርድ ገባ፣ ሁለት ሴቶች ጎንበስ ብለው ገቡና ተቀመጡ። ልቅሶ ቤት በር አይቆለፍም፤ መጪው አንኳኩቶ፣ ማነህ ተብሎ አይገባም። ይህ የሚታወቅ ሥርዓት ነው። ፀሐይወርቅን ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሰላም ነሥቷታል። የእትዬ ዘርፌ ቤት ሂልቶፕ ነው፣ ሌባ የማይጠፋበት ሰፈር፣ ከብሮድ ጎዳና አንድ መታጠፊያ ገባ ብሎ። በረንዳው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣላት ለቀስተኛ አይደለም። በራሷ ቤት እንኳ ኦቤትስ ወዳለው መጋዘን ለሥራ ስትወጣ መኪናዋን አስነሥታ ትመለሳለች፣ ምድጃውን ታያለች፣ ቆልፋ ትወጣና እጀታውን ትገፋዋለች። ባሏ ዳኛቸው «ሌባ እንኳ እንዳንቺ በሩን አይነካካውም» ይላታል።

ጋሼ ከተማ፣ የዕድሩ ሊቀመንበር፣ ስለ ሟቿ እያወሩ ነበር። እትዬ ዘርፌ ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታልና በክሊኒክ አስተርጓሚ ነበረች። እዚህ ሳሎን ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ሐኪም ፊት የቀረበው በእሷ አፍ ነው።

«ጉልበቴን አሞኝ ሄድኩ» አሉ ጋሼ ከተማ። «ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። ሱዳን በእግር መግባታችንን፣ ካርቱም ላይ ባጃጅ የገጨኝን፣ እንቅልፍ ማጣቴን፣ የአማቼን ጠባይ ሳይቀር። ሩብ ሰዓት አወራሁ። ዘርፌ ረጋ ብላ አዳመጠችኝና ወደ ሐኪሙ ዞራ ‹ጉልበቱን ያመዋል› አለችው።»

ሰው ሳቀ፤ ልቅሶ ቤት እንደሚሳቀው፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ። ፀሐይወርቅም ሳቀች።

ፍራሹ ላይ የተቀመጠችው ሀሌሉያ ብቻ አልሳቀችም። የእትዬ ዘርፌ አንድ ልጅ ናት፤ እዚሁ ፈረንጅ አገር ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ሲንሲናቲ ከባሏ ከቤኪ ጋር የምትኖር፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር። አማርኛ ሲፈጥን ያመልጣታል። ቤኪ ጎንበስ ብሎ ቀልዱን በእንግሊዝኛ ነገራትና ዘግይታ ፈገግ አለች። ከዚያ ፀሐይወርቅን ፈልጋ አየቻት፣ በዚህ ሁሉ ሰው መካከል የምታምነው እሷን ብቻ እንደሆነ ሁሉ።

ፀሐይወርቅ ዐይኗን ወደ ትሪው መለሰች። ሀሌሉያ የማታውቀው ነገር አለ።

እትዬ ዘርፌ የወደቀችው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ሥራ ቦታ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ባለው ካርድ ላይ የተጻፈው ቅርብ የሚኖር ሰው ስልክ የፀሐይወርቅ ስለነበረ ለእሷ ተደወለ። ስትደርስ እትዬ ዘርፌ ቱቦ ተደርጎላት ተኝታ ነበር። አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሷል፣ ብዙ አትቆይም አሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ሀሌሉያ ደወለች፦ ማሚ ስልክ አታነሣም። ጋሼ ከተማ ከጎኗ ነበሩ፤ በእጃቸው «ተይ» የሚል ምልክት ሰጧት። እርጉዝ ናት፣ ብቻዋን መኪና ትነዳለች፣ ትደነግጣለች። ፀሐይወርቅም ድምፅዋን አለስልሳ «ስልኳን ቤት ረስታ ይሆናላ፣ ሥራ ላይ ናት» አለቻት። እትዬ ዘርፌ ያረፈችው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ሊነጋጋ ሲል በሦስት መኪና ሲንሲናቲ ሄደው በወጉ አረዷት። «ወዲያው ነው ያረፈችው፣ አልተሰቃየችም» አሏት። ይህን ያለችው ፀሐይወርቅ ናት።

ጋሼ ከተማ ባወሩበት በዚያው ምሽት ማድ ቤት ውስጥ ሀሌሉያ መጥታ ከጎኗ ቆመች። ሰዎች ያመጧቸው የፎይል ትሪዎች ምድጃው ላይ ተደራርበዋል። ፀሐይወርቅ እንድትቀመጥ ወንበር ሳበችላት፣ እግሯን በርዷት እንደሆነ ጠየቀቻት፣ ሐኪም መቼ እንዳየቻት ጠየቀቻት። ልጁ ደህና መሆኑን በርግጥ ታውቅ እንደሆነም ጠየቀቻት። እንዲህ ያለውን ሳትጠይቅ ማለፍ አይሆንላትም።

«ደህና ነው» አለች ሀሌሉያ። «ሁሉንም ቴስት አድርገናል። እኔ አልፈለግሁም ነበር። ማሚ ናት ያስገደደችኝ።»

«ማን?»

«ማሚ። ጄኔቲክ ካውንስለር የምትባል አለች፣ ስለ ዘር በሽታ የምታማክር፤ ቁጭ አድርጋ በሥዕል ታስረዳለች። ምን ሊታይ ይችላል፣ ከታየስ ምን እናደርጋለን፣ የት ትወልጃለሽ። ግዴታ አይደለም፣ ምርጫው ያንቺ ነው ትላለች። ማሚ እስከ መጨረሻው አብራኝ ተቀመጠች።»

ፀሐይወርቅ የትሪውን ፎይል መልሳ መላልሳ ጠርዙን ጠቀጠቀችው።

እሷም ዮኤልን አርግዛ አምስት ወሯ ነበር። ክፍሉ ጨለም ያለ፣ ሆዷ ላይ የተቀባው ነገር ቀዝቃዛ። ማሽኑን የያዘችው ልጅ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ቆየች፤ ወጥታም ሐኪሙን ይዛ ተመለሰች። ሐኪሙ ተቀምጦ ተናገረ። በጣቱ አየር ላይ ክብ እየሠራ፣ ደረቱን እየነካ ረጅም ነገር ተናገረ። «ካውንስለር» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ሰማች። ፀሐይወርቅ እንደ ልማዷ ክፉውን ጠብቃ ወደ እትዬ ዘርፌ ዞረች። እትዬ ዘርፌ ፈገግ አለችላት።

«ደህና ነው። ልቡ ገና ትንሽ ስለሆነ አጥርተን አላየነውም ነው የሚለው።»

«ይሄን ሁሉ አውርቶ ይሄ ብቻ ነው?»

«ፈረንጅ ለአንድ ነገር ሃያ ቃል ነው የሚፈጀው። አታውቂያቸውም?»

ሳቀች። በእፎይታ ሳቀች። እትዬ ዘርፌ ወደ ሐኪሙ ዞራ አጭር ነገር ተናገረች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ሁለተኛ አልጠየቀም።

ዮኤል የተወለደው ለቤታቸው በሚቀርበው ትንሽ ሆስፒታል ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር። የልብ ሐኪም ወዳለበት እስኪወሰድ ሦስት ሰዓት አለፈ። አራት ወር ኖረ። ጡት ሲጠባ ግንባሩ በላብ ይርሳል፣ ትንሽ ይጠባና እንደ ሽማግሌ ዐርፎ ያያታል። የጨበጠውን ነገር አይለቅም ነበር፤ ነጠላ፣ ፀጉር፣ የኦክስጅኑን ገመድ።

የዮኤል የልብ ሐኪም አንድ ቀን በስልክ አስተርጓሚ፣ ፊቱን በማታውቀው በአንድ ወንድ ድምፅ፣ ቀድመን ብናውቅ ኖሮ እዚህ ትወልጂ ነበር፣ ገና ሲወለድ እጃችን ላይ ይሆን ነበር አለቻት። ከዚያም ምርመራውንና የጄኔቲክ ካውንስለሯን ለምን እንዳልፈለገች ጠየቀቻት፤ ፋይሏ ላይ «አልፈልግም ብላለች» ተብሎ ተጽፏል። ፀሐይወርቅ ያን ማታ ለእትዬ ዘርፌ ነገረቻት። እትዬ ዘርፌ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ እየሳበችላት፣ የሌላ ሰው ፋይል ቀላቅለው ይሆናል፣ አሁን ይሄን ማሰብ ምን ያደርግልሻል አለቻት።

ልጁ ሲሞት አርባ ቀን ሙሉ ቤቷ ያደረችው እትዬ ዘርፌ ናት። ያጎረሰቻት፣ ፀጉሯን ያጠበቻት እሷ ናት። ፀሐይወርቅም ለሦስት ዓመት ራሷን ስትከስ ኖረች። ምናልባት እኔው ነኝ ሳላውቅ አልፈልግም ያልኩት። ምድጃ ሁለቴ የማይ ሴት፣ የልጄን ልብ አንድ ጊዜ ደግሜ አልጠየቅሁም።

በሦስተኛው ቀን ንፍሮ ተቀቅሎ ሰው ሲቀማመስ አንዲት ፈረንጅ ነርስ መጣች። ነጭ አበባ የተተከለበት ማሰሮ አቅፋለች። ጫማዋን ታውልቅ አታውልቅ ስላላወቀች በሩ ላይ ተደናገረች፤ ጋሼ ከተማ «ግቢ፣ ግቢ» ብለው አስቀመጧት። ከክሊኒኩ ነው የመጣችው። ፀሐይወርቅ ፊቷን ለየቻት፤ የደም ግፊቷን ትለካላት የነበረች ናት። ነርሷ ግን አላወቀቻትም።

ስለ ዘርፌ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ አለች። ቤኪ ይተረጉም ጀመር። ቤኪ ለሥራው አዲስ ስለሆነ አንድም ቃል እንዳይጥል ፈርቶ፣ እሷ አንድ ዐረፍተ ነገር በተናገረች ቁጥር ያስቆማታል። ምንም አላሳጠረም።

«ዘርፌ የእናንተን ባህል አስተምራናለች ትላለች» አለ። «ድሮ እያንዳንዷን እርጉዝ ሴት ስለ ጄኔቲክ ምርመራ እንጠይቅ ነበር ትላለች። ዘርፌ ግን... የኢትዮጵያ እናቶች ይሄን አይፈልጉም፣ እርጉዝ ሴት ክፉ ነገር አይነገራትም፣ ልጁ የእግዚአብሔር ነው ብላ አስረዳችን። ከዚያ ወዲህ የእናንተን እናቶች ማስጨነቅ ተውን። ዘርፌ ‹አይፈልጉም› ካለች ‹አትፈልግም› ብለን እንጽፋለን። ሐኪሞቹም ደስ አላቸው፣ እሱን ማስረዳት ሃያ ደቂቃ ይወስድባቸው ነበር። ስላከበራችሁን... አይ፣ እንድናከብራችሁ ስላደረገችን እናመሰግናታለን ትላለች።»

«እውነቷን ነው» አለች አንዲት ሴት ከጥግ። ሌሎችም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፀሐይወርቅ ማንኪያውን ንፍሮው ውስጥ ተወችው። በመጋዘን እንግሊዝኛዋ፣ ሳጥን ከሳጥን በምትለይበት ቋንቋ ጠየቀች።

«እኔን ጠየቃችሁኝ?»

ነርሷ ዞር አለች፤ ፈገግታዋ ገና አልጠፋም።

«እኔ እዚያ ነበርኩ» አለች ፀሐይወርቅ። «አልጋው ላይ። ሐኪሙ ያየው እሷን ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?» ከዚያ ፎቶውን አሳየች፣ ጥለቱን የጨበጠችውን እጅ። «ያ ልጄ ነው።»

ነርሷ እጁን አየች። ብዙ ቆይታ አየችው። ማክበር መስሎን ነበር አለች በቀስታ፤ ይህን ቤኪ አልተረጎመውም፣ ማንም እንዲተረጎም አልጠየቀም። ጋሼ ከተማ ተነሥተው ሟች ፊት ነው ያለነው አሉና ጸሎት አስጀመሩ። ነርሷ በጸሎቱ መሀል አበባዋን መሬት ላይ ትታ ወጣች።

ከጸሎቱ በኋላ ጋሼ ከተማ ፀሐይወርቅን ወደ ማድ ቤት ጠሯት። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። «ልጄ፣ ዘርፌ ያደረገችው ለመልካም ብላ ነው። እኛም በቦታዋ ብንሆን እንደሷ እናደርግ ነበር። ሀሌሉያ ሰምታለች፣ ትጠይቅሻለች። እርጉዝ ናት፤ እናቷን ገና ከትናንት ወዲያ ነው የቀበረችው። ነርሷ ከሌላ ሰው ጋር አሳስታ ነው በያትና ዝጊው።»

ፀሐይወርቅ የንፍሮ ሳህኖቹን ወደ ማጠቢያው አስገባች። እሳቸው ግን እሺ ያለች መስሏቸው ትከሻዋን ነካ አድርገው ወጡ።

ሰው ሲበተን ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልሆነም። ዳኛቸው ውጭ መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቃታል፤ ቤኪ ፎቅ ወጥቶ ጋደም ብሏል። ፀሐይወርቅ ወንበሮቹን አጣጥፋ ስትደረድር ሀሌሉያ ከፎቶው ሥር ቆማ ነበር።

«አንቲ ፀሐይ፣ እውነት ነው? ሴትየዋ ያለችው።»

መልሱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አሳስታ ነው። ለስላሳ፣ አጭር፣ ለነፍሰ ጡር የሚስማማ። ፀሐይወርቅ አፏን ስትከፍት ያ ፈገግታ በገዛ ፊቷ ላይ ሲዘረጋ ተሰማት፤ ጨለም ባለው ክፍል ውስጥ ያየችው ያው ፈገግታ። መልሳ ዘጋችው።

«እውነት ነው» አለች።

ሀሌሉያ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ ቃላቱን ከሩቅ እየለቀመች፣ እናቷ ያን ቀን ከካውንስለሯ ቢሮ እንደወጡ መኪና ውስጥ እንዳለቀሰች ነገረቻት። «ምን ሆንሽ ስላት፣ ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ቦታ ተቀምጫለሁ፣ ዛሬ በራሴ ቦታ ተቀመጥኩ አለችኝ። አልገባኝም ነበር።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ሁለት ወር ይሆናል።»

ፀሐይወርቅ በልቧ ቆጠረች። ስምንት እሑድ። ስምንቱንም እሑድ እትዬ ዘርፌ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቷ መጥታ፣ ማዕዷ ላይ ቀርባ በልታለች። በመጨረሻው እሑድ በሩ ላይ ቆማ «ፀሐይዬ፣ አንድ ነገር...» ብላ ጀምራ፣ «ተይው፣ ሌላ ቀን» ብላ ሄዳለች። ፀሐይወርቅ ያኔ የጤናዋ ነገር መስሏት ሌሊቱን አልተኛችም ነበር። ስምንት እሑድ አፍ ነበራት። የሰው ሁሉ አፍ የነበረች ሴት።

ልቧ ነደደ። ሄዳ ያንን ፍሬም ወደ ግድግዳ ልታዞረው ፈለገች። ግን የዮኤል እጅ አብሮ ይዞራል።

«ሀሌሉያ» አለች። «ሌላም አለ። ይሄኛው የኔ ነው።»

ሀሌሉያ ቀና አለች።

«እናትሽ ወዲያው አልሞተችም። ማክሰኞ ስትደውዪልኝ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ትተነፍስ ነበር። ሐኪሞቹ አትተርፍም ብለውናል። እርጉዝ ነሽ ብለን፣ ትደነግጪያለሽ ብለን... ጋሼ ከተማም አሉበት፣ አፉ ግን የኔ ነበር። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ቆይታለች።»

«ስድስት ሰዓት» አለች ሀሌሉያ።

«ስድስት ሰዓት።»

«ከኛ ቤት እዚህ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እደርስ ነበር።»

ፀሐይወርቅ ይህችን ቃል ታውቃታለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህችው ቃል ጋር ነው ያደረችው። «ትደርሺ ነበር» አለች።

ትጮህብኛለች ብላ ጠብቃ ነበር። ሆዷን ያማታል፣ ትወድቃለች፣ ያስወርዳታል ብላም ጠብቃ ነበር፤ ይህን ሁሉ በዐይነ ኅሊናዋ አይታ ነው የተናገረችው። ሀሌሉያ ግን አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ስትናገር ድምፅዋ ልክ እንደ እናቷ የረጋ ነበር።

«አንቺ እኮ ታውቂ ነበር። ሳይነገርሽ መቅረት ምን እንደሆነ ከሁሉም ሰው በላይ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አዎ።»

«እባክሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ፀሐይወርቅ የመጨረሻውን ወንበር ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ኮቷን ለበሰች። እግርሽን እንዳይበርድሽ ልትል ፈለገችና ተወችው። ፎቶውን ቀና ብላ አየች፤ እጁ ጥለቱን እንደጨበጠ ነው፣ ሴትየዋም እንደሳቀች ናት። በሩ ጋ ደርሳ ብቻ፣ ሳትዞር፣ «በሩን ቆልፊው፤ ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፣ መቆለፍ ይቻላል» አለች። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ሳበችው።

በረንዳው ላይ ብርድ ነበር። ዳኛቸው የመኪናውን መብራት ብልጭ አደረገላት። አልሄደችም። ከውስጥ የእግር ድምፅ ቀስ እያለ መጣና በሩ ጀርባ ቆመ። ብዙ ቆየ። አንዲት ሳንቃ ናት በመካከላቸው ያለችው፤ ፀሐይወርቅ ትንፋሿን የሰማች መሰላት። ከዚያ የላይኛው ቁልፍ ዞረ። የታችኛውም ዞረ። እግሩ ተመልሶ ሄደ።

ፀሐይወርቅ እጀታውን ያዘች። ድምፅ እንዳይሰማ አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገፋችው። በደንብ ተቆልፏል።